ደንና ወንዝ በሕግ አምላክ



በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ አንድ ታላቅ ቃል አለ፤ ይኸውም «በሕግ አምላክ» የሚለው ነው። በዚህ ቃል የተጠራ ሰው እጁን ሰንዝሮ እንደሆነ ይሰበስባል፤ እየሸሸ እንደሆነም ይቆማል። አባቶቻችን የቃሉን ኃይል ሲገልጹ «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። ቃሉን ለመናገር ሹመትም ማዕርግም አያስፈልግም ነበር፤ ሴቲቱም፣ ልጁም፣ መንገደኛውም ይናገረዋል። ከሳሽና ተከሳሽም ቢሆኑ የተሾመ ዳኛ ከሩቅ እስኪመጣ ሳይጠብቁ በመንገድ ያገኙትን ሰው «ዳኘን» ብለው ከዛፍ ጥላ ሥር ያስቀምጡትና ልብሳቸውን ቋጥረው በፊቱ ይሟገቱ ነበር። ሕግ የሁሉም ንብረት ነበርና።

ዛሬ ልናገር ያሰብሁት ስለ ደንና ስለ ወንዝ ጥበቃ ነው። ጉዳዩን ከዚህ ቃል መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ደንን የሚጠብቅ አዋጅና ወንዝን የሚጠብቅ ድንጋጌ በሀገራችን ሲወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ነገር ግን አንድ ሕግ በጋዜጣ ስለ ታተመ ብቻ ዛፍ አይጠብቅም። ሕግ ደንን የሚጠብቀው በደኑ ዳር የሚኖረው ሰው ሲያውቀው፣ ከጥቅሙም ሲካፈልና በራሱ አንደበት «በሕግ አምላክ» ሊልበት ሲችል ነው። ይህንንም ከታሪክ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ሀገራችን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ያልተጻፈውን ሕግ እንመልከት። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ፣ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በላዩ የሚበቅለው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ዝናብ ለሚከላከለው ገሳ ይሆናል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ ከእርሱ የሚመነጩት ጅረቶችም ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፣ ከፊሎቹም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ።

የመንዝ ሰዎች እንደሚተርኩት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት ቀደምት አባቶች መሬቱን በተካፈሉ ጊዜ ጓሳውን ለእርሻ ሳይሆን ለሣርና ለግጦሽ ለይተው አኖሩት። ከዚያም ከአስቦና ከጌራ የተወለደው ባለ አጽመ ርስት ሁሉ ተስማምቶ ቄሮ የሚባል የጥበቃ ሥርዓት ዘረጋ፤ ጥናት ያደረጉ ሰዎች የዚህን ሥርዓት ዕድሜ ወደ 400 ዓመት ያደርሱታል። ሕዝቡ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣል። አለቃውም ጓሳው እንዲዘጋ ባወጀ ጊዜ ማንም ሰው ሣር አያጭድም፤ ከብትም አያሰማራም። መዘጋቱ እንደ ሣሩ ሁኔታ ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ይቆይ ነበር። ባለ መብቱ ሁሉ በተራ ይጠብቃል፤ ደንቡን የጣሰም ከባድ ቅጣት ይደርስበታል። የሚከፈትበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ገብቶ ያጭዳል።

ይህ የመንዝ ብቻ አይደለም። በቦረና ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አላቸው፤ በዚያ በረሃማ ሀገር በድርቅ ወራት እንኳ ውሃው የጉልበተኛ ሲሳይ እንዳይሆን የጠበቀው ይህ ሥርዓት ነው። በጎንደርና በጎጃም ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሳለ የቤተ ክርስቲያን አጸድ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየውም ዘበኛ ስለበዛበት አይደለም፤ ምእመኑ ሁሉ የአጸዱን ዛፍ መቁረጥ ነውር እንደሆነ ከልጅነቱ ስለሚያውቅ ነው።

እነዚህን ሥርዓቶች ብንመረምር ሦስት የጋራ ነገር እናገኝባቸዋለን። አንደኛ፣ ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፤ በአደባባይ ይነገራልና አላወቅሁም የሚል የለም። ሁለተኛ፣ ጠባቂው ከሚጠብቀው ነገር ድርሻ አለው፤ ዛሬ ያላጨደው ሣር ነገ ለቤቱ ክዳን ይሆነዋል። ሦስተኛ፣ ቅጣቱ ከሩቅ አይመጣም፤ የሚያየው ጎረቤት ነው፤ የሚፈርደውም ጎረቤት ነው።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ያለ ነቀፌታ ማመስገን አይገባም። የጓሳው መብት በዘር ሐረግ የተወሰነ ስለነበረ ርስት የሌለው ሰው ድርሻ አልነበረውም። ሴቶችም ለምክር አይጠሩም ነበር። ስለዚህ አሮጌውን ሥርዓት የምንጠቅሰው እንዳለ እንዲመለስ አይደለም፤ ለምን እንደሠራ ተረድተን ትምህርቱን እንድንወስድ ነው።

ከዚህ በኋላ የተጻፈው ሕግ መጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውሃ ሲደነግግ፣ በወራጅና በረጋ ውሃ ለመጠቀም ቅድሚያ ያለው ማኅበረሰቡ ነው ብሎ ደነገገ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ስለ መንግሥት ደን፣ ስለ ግል ደንና ስለ ጥብቅ ደን ሦስት አዋጆች በተከታታይ ወጡ፤ ቁጥራቸውም 225፣ 226 እና 227 ነው። በጊዜው ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ የደን ጉዳይ ራሱን ችሎ በሕግ ተቆጥሯልና። ነገር ግን አዋጆቹ የተጻፉት ለመሥሪያ ቤትና ለባለ መሬት ነበር። በደኑ ውስጥ ከብቱን የሚያሰማራው፣ ማር የሚቆርጠውና ማገዶ የሚለቅመው ጭሰኛ በአዋጁ ፊት የሚታየው ጥፋተኛ ሆኖ ብቻ ነበር። ሕጉን ያነበበለት አልነበረም፤ ቢነበብለትም ድርሻ አያገኝበትም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ ጭሰኝነት ቀረ፤ ይህም ለብዙ ሚሊዮን ገበሬ የዘመናት ቀንበር መውረድ ነበር። ሆኖም ከአጽመ ርስቱ ጋር በእርሱ ላይ የቆመው የጓሳው ቄሮም አብሮ ፈረሰ። አባ ቄራው ሥልጣኑን አጣ፤ በእርሱ ፋንታ የተተካው አዲስ አስተዳደር ግን ጓሳውን የመዝጋትና የመክፈት ልማድ አልነበረውም። ቀድሞ የታወቀ ባለቤት የነበረው ሣር ሁሉም የሚሻማበት ሆነ፤ ዳር ዳሩም ይታረስ ጀመር። ሰው በጠባዩ የራሱ ያልሆነውንና ነገ ለሌላ የሚተርፈውን ነገር ለማቆየት አይደክምም።

በዚህ ነገር እኛ ብቻችንን አይደለንም። በሂማሊያ ተራሮች ሥር የምትገኘው ኔፓል ከእኛ ቀድማ በዚህ መንገድ አልፋለች። የኔፓል መንግሥት በ1949 ዓ.ም. የግል ደኖችን ሁሉ በሕግ የመንግሥት ንብረት አደረገ። ዓላማው ደኑን ለማዳን ነበር፤ ነገር ግን በየመንደሩ ሲጠብቅ የኖረው ሕዝብ ደኑ ከእጁ እንደወጣ ስለቆጠረው ጥበቃው ላላ፤ መንግሥትም በየተራራው የሚያቆመው በቂ ዘበኛ አልነበረውም። ኔፓል ይህን አይታ በ1970 ዓ.ም. ደንን ለየአጥቢያው አስተዳደር የሚያስረክብ ደንብ አወጣች፤ በ1985 ዓ.ም. በወጣው የደን ሕግም የተጠቃሚዎች ማኅበር ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቶ ደኑን እንዲያስተዳድርና ገቢውን እንዲጠቀምበት ፈቀደች። ከዚያ ወዲህ የተቋቋሙት ማኅበራት ከ20,000 በላይ ሆኑ፤ ተራቁተው የነበሩ ብዙ የመካከለኛው ተራራማ ሀገር ኮረብታዎችም እንደገና ለመለሙ። የደን መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሥራም ተለወጠ፤ ቀድሞ ዘበኛ የነበረው ሰው አሁን የማኅበሩን ደንብ አብሮ የሚያረቅ፣ ዛፍ መቁጠርንና መዝገብ መያዝን የሚያስተምር መምህር ሆነ።

በእኛም ሀገር ይህን መሰል ሥራ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ተጀመረ። ከጊንጪ ከተማ በላይ፣ የአዋሽ ወንዝ በሚነሣበት አካባቢ፣ ጭሊሞ የሚባል የጥድ፣ የወይራና የዝግባ ደን አለ። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ከመንግሥት ጋር ሆኖ በዚያ ደን ዙሪያ ያሉትን ነዋሪዎች በማኅበር እያደራጀ ለደን አስተዳደር ማሠልጠን ያዘ። በአዳባና በዶዶላም በጀርመን መንግሥት እርዳታ በ1992 ዓ.ም. ዋጂብ የሚባሉ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ከመንግሥት ጋር ውል መፈራረም ጀመሩ። አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ፣ ለአንድ አባወራም 12 ሄክታር ያህል ደን እንዲታሰብ ተወሰነ፤ ምክንያቱም ደኑ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሰው ቢጫንበት ውሉ ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን ነው። ቀድሞ በደን ውስጥ በመኖሩ ብቻ እንደ ሕገ ወጥ ይታይ የነበረው ሰው በዚህ ውል ባለ መብትና ባለ ግዴታ ሆነ።

ሥልጠናውስ ምን ነበር? አድማጮቼ ምናልባት በአዳራሽ ውስጥ የሚሰጥ ንግግር ይመስላችሁ ይሆናል። ዋናው ትምህርት የተሰጠው ግን በደኑ ውስጥ ነበር። በመጀመሪያ ሽማግሌዎችና የመንግሥት ሠራተኞች አብረው ድንበሩን በእግራቸው ይዞራሉ፤ ይህ ዛፍ፣ ያ ወንዝ፣ ያ ድንጋይ ወሰን ነው ይባላል። ቀጥሎ የደኑ ተጠቃሚ ማን እንደሆነ ይለያል፤ ዛፉም ይቆጠራል። ከዚያ ምን እንደሚፈቀድ፣ ምን እንደሚከለከል፣ ያጠፋ ምን እንደሚከፍል በስብሰባ ተከራክረው ይወስናሉ፤ ይህም ተጽፎ መተዳደሪያ ደንብ ይሆናል። በመጨረሻ ማኅበሩና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ውል ይፈራረማሉ። ገበሬው በዚህ መንገድ ሕግን የሚማረው ሌላ ሰው ያወጣውን በማድመጥ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ሕግ በማውጣት ነው።

የሀገሪቱ ሕግም ቀስ በቀስ ይህን ልምድ ተከተለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 542 ደንን የግልና የመንግሥት ብሎ በሁለት ከፍሎ ነበር። በ2010 ዓ.ም. በእርሱ ፋንታ የተተካው አዋጅ ቁጥር 1065 ግን የማኅበረሰብ ደንንና የማኅበር ደንን ለብቻቸው ስም ሰጥቶ አወቀ። ጓሳም ቢሆን ጠፍቶ አልቀረም፤ የመንዝ ሰዎች በአባ ቄራው ፋንታ የጓሳ ኮሚቴ አቋቁመው ደንባቸውን እንደገና ካጸኑ በኋላ የክልሉ መንግሥት ሥፍራውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አውቆላቸዋል።

ነገሩን ሁሉ ግን ቀና አድርጎ ማቅረብ እውነትን ማጉደል ይሆናል። ማኅበር በተቋቋመ ቁጥር ከማኅበሩ ውጭ የሚቀር ሰው አለ፤ ያም ሰው በአብዛኛው ድኻው ነው። ለብዙ ዘመን ከእንጦጦ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የወረዱትን ሴቶች የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ያውቃቸዋል። «ደኑ ተጠብቋል» ሲባል ለእነርሱ የዕለት እንጀራ ተቋረጠ ማለት ሊሆን ይችላል። የኮሚቴ አባልም አንዳንድ ጊዜ ኮሚቴነቱን ረስቶ ትንሽ ባላባት መሆን ያምረዋል። ስለዚህ ሕጉን ማስተማር ለመሪዎቹ ብቻ ቢቀር አዲስ ጌታ መፍጠር ነው። ሴቶች፣ ወጣቶችና መሬት የሌላቸው ሰዎች ሁሉ ደንቡን ማወቅ፣ በሒሳብ መዝገቡም ላይ መጠየቅ ይገባቸዋል።

አሁን ከጭሊሞ ተነሥቶ የሚወርደውን ውሃ ተከትለን ወደ ወንዝ ጉዳይ እንሻገር። አዋሽ ወደ ቆቃ ከመድረሱ በፊት ከአዲስ አበባ የሚወርደውን የአቃቂን ወንዝ ይቀበላል። አቃቂ ከእንጦጦ ሲነሣ ንጹሕ ነው፤ ከተማውን አቋርጦ ሲወጣ ግን የቤቱን፣ የጋራዡንና የፋብሪካውን ጉድፍ ተሸክሞ ነው። በታች በኩል ያለው ገበሬ በዚያው ውሃ አትክልቱን ያጠጣል፤ ያንኑ አትክልት ደግሞ እኛ በገበታችን ላይ እናገኘዋለን። ስለዚህ የወንዝ ጉዳይ የገበሬው ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ የከተማ ሰው ቢኖር ምሳው ይመስክርበት።

ስለዚህ ነገር ሕጉ ምን አለ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደነገገ፤ በአንቀጽ 92ም አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ግዴታ ነው አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄደ። በአንቀጽ 11 ማንም ሰው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል በማንኛውም ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል አለ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ባይሰጥ፣ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ባይደሰት፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ እንዲችልም ፈቀደ።

አድማጮች ሆይ፤ ይህን ድንጋጌ እናስተውለው። ይህ «በሕግ አምላክ» የሚለው የአባቶቻችን ቃል በአዲስ ልብስ ተመልሶ የመጣ ነው። ወንዙ አንደበት ስለሌለው፣ መንገደኛውም ሳይቀር ስለ ወንዙ ይናገር ዘንድ ተፈቀደለት።

ነገር ግን መብቱን ማግኘትና በመብቱ መጠቀም የተለያዩ ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድም አንድ የሲቪል ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች መበከል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ በሀገራችን የሕግ ታሪክ በዓይነቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን አልተቀበለውም። ከክርክሩ ዋና አንጓዎች አንዱ ተከሳሽ መሆን የሚገባው ማን ነው፣ የበከለው ነው ወይስ የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው መሥሪያ ቤት የሚለው ነበር። እንግዲህ የተማሩ ሰዎች የመሩት ክስ እንዲህ ከተሰናከለ፣ በወንዝ ዳር የሚኖር ገበሬ ማንን፣ የት፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚከስ ሳይነገረው ብቻውን ያገኘዋል ብሎ መጠበቅ እንዴት ይቻላል?

ስለዚህ ለወንዝ ዳር ሕዝብ የሚሰጠው ሥልጠና መብት አለህ በማለት ሊያበቃ አይገባም። አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ፤ ውሃው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ቦይ መጥቶ እንደተለወጠ እንዴት እንደሚመዘገብ፤ ምስክር እንዴት እንደሚቆጠር፤ አቤቱታው በመዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን ቀንና ቁጥር ማስጻፍ ለምን እንደሚያስፈልግ፤ 30ው ቀን ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር፤ ይህ ሁሉ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ይህም ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። በዕድሩ፣ በማኅበሩ፣ በገበያው ቀን፣ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሕዝብ ይሰበሰባል። ቀድሞ አዋጅ ነጋሪው ነጋሪት እየጎሰመ ያሰማ የነበረው በዚህ በመሰለ ሥፍራ ነበር።

ለመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ ለብቻ የምናገረው አለኝ። ታሪኩን ሁሉ ያነሣሁትም ወደዚህ ለመድረስ ነው። የገበሬው አቤቱታ አንድ ቀን በአንዳችን ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። ወረቀቱ የተጣጠፈ፣ ጽሕፈቱም ያላማረ ይሆናል፤ ምናልባትም የአዋጁ ቁጥር በትክክል አልተጠቀሰበትም። ያን ጊዜ «ሥርዓቱን አላሟላም» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ «ነገ ተመለስ» ማለትም የለመድነው ነው። ገበሬው ግን አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ ነው የመጣው፤ ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ አይመጣም። ወደ መንደሩ ተመልሶም «ሕግ የሚባለው ለእኛ አይደለም» ይላል። ይህን ቃል የሰሙ ጎረቤቶቹ በማግስቱ መጥረቢያቸውን ይዘው ወደ ደኑ ቢገቡ የሚደንቅ አይሆንም።

ያጎደለውን አሟልቶ ማስጻፍ፣ ቀኑን መዝግቦ ቁጥር መስጠት፣ መልሱን በጊዜው ማድረስ ግን ከማንኛውም የሥልጠና ጉባኤ የበለጠ ያስተምራል። አንድ አቤቱታ በጊዜው መልስ ሲያገኝ መንደሩ ሁሉ ይሰማል፤ ሕግ የሚሠራ መሆኑን በዓይኑ ያየ ሕዝብም ሌላ ሰባኪ አያሻውም። የጓሳው ሣር ለዘመናት የቆየው ሕዝቡ አባ ቄራው በቃሉ እንደሚጸና ስላወቀ ነው። የእኛም ሕግ በቃሉ የሚጸናው የየዕለት ሥራችን ሲያጸናው ነው።

ወራጅ ውሃን በሕግ አምላክ ብሎ ለማቆም የሚችል ሰው የለም፤ በወንዝ ውስጥ መርዝ የሚያፈሰውን እጅ ግን ማቆም ይቻላል። ቃሉን የሚናገረው ሕዝቡ ነው፤ ቃሉ ሰሚ እንዲያገኝ ማድረግ የእኛ ድርሻ ነው።